በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ልጅ ሌሊት ሲያተኩሰው ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ ከሁለት ልጆች እናት

የስድስት ዓመት ወንድ ልጄ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ በሚባለው የደም ካንሰር ታሞ በሕክምና ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው የሕክምና ምዕራፍ አልቆ፣ በመቅኔው ላይ በተደረገው ምርመራ በሽታው እንደማይታይ ተነግሮን፣ አሁን ሁለተኛው ምዕራፍ ተጀምሯል። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ፖርት በደረቱ ቆዳ ሥር ተቀብሮለታል፤ ወደፊት ደግሞ ቤት ውስጥ የሚወስዳቸው ክኒኖች እንደሚታዘዙለት ሐኪሙ ገልጾልናል።

በቅርቡ እኩለ ሌሊት ላይ ሰውነቱ ሲግል ቤታችን በሦስት ሐሳብ ተከፈለ። እኔ ወዲያው ወደ ሆስፒታል እንሂድ አልሁ። ባለቤቴ ድንገተኛ ክፍሉ በበሽተኛ የተጨናነቀ በመሆኑ ሌላ በሽታ እንዳይዘው ሰግቶ እስኪነጋ እንጠብቅ አለ። አማቴ በበኩላቸው ትኩሳት ማውረጃ ወስዶ ቢተኛ እንደሚሻለው ተናገሩ። ሦስታችንም ለልጁ አስበን ስለተናገርን ማንም ማንንም ሊወቅስ አይችልም። በመጨረሻ ሄደን ታክሞ ተሻለው፤ ሆኖም በዚያ ሰዓት እንደገና ቆመን እንድንከራከር አልፈልግም።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ወላጆችና የጤና ባለሙያዎች እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወደ ሆስፒታል መሄድ ግዴታ የሚሆነው መቼ ነው? ስንደርስስ ልጁን ለማያውቀው ተረኛ ጉዳዩን እንዴት እናስረዳ? ክኒኑን ቢያስታውከው ወይም ሳይወስድ ቢያልፈው ምን እናደርጋለን? የአሥር ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ፤ ሌሊት ወንድሟን ይዘን ስንወጣ ምን እንደምላት ጨንቆኛል።


መልስ፦ ከሕፃናት ካንሰር ሕክምና ክፍል ነርስ

እህቴ፣ ልጅዎን ይማርልዎ። ከጥያቄዎችዎ ሁሉ የመጀመሪያው የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ኬሞቴራፒ የካንሰር ሴሎችን ሲገድል በመቅኔ ውስጥ የሚመረቱትን ጤናማ የደም ሴሎችም ይቀንሳል። ከእነዚህ መካከል ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያን ቀድመው የሚገጥሙ ናቸው፤ ቁጥራቸው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲወርድ ሰውነት ኢንፌክሽንን የሚቋቋምበት አቅም እጅግ ይዳከማል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሌላ ልጅ ኢንፌክሽን ሲይዘው ጉሮሮው ይቀላል፣ ቁስሉ ያብጣል፣ ይመግላል፤ ኒውትሮፊሉ የወረደበት ልጅ ግን መግል የሚሠራበት ሴል ስለሌለው ከትኩሳት በቀር ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ባክቴሪያው ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ማታ ሲጫወት ያመሸውን ልጅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለሞት በሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ሊጥለው ይችላል። እስኪነጋ መጠበቅ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኩሳቱን ልክ በተመለከተ፣ በስፋት የሚሠራበት መመሪያ አንድ ጊዜ ተለክቶ 38.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም 38 ዲግሪ ደርሶ ለአንድ ሰዓት ያህል ካልወረደ፣ ልጁ ሳይዘገይ ይምጣ የሚል ነው። 38 ዲግሪ አንድ ጊዜ መታየቱ ብቻ ይበቃል የሚሉ ማዕከላት አሉ፤ 38.5ን የሚጠቀሙም አሉ። የልጅዎ ማዕከል የሚጠቀምበትን ቁጥር ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ፤ ለእናንተ ቤት የሚሠራው ያ ቁጥር ብቻ ነው። ሙቀቱን በእጅ ዳስሶ መገመት አይበቃም፤ በቴርሞሜትር በብብት ወይም ማዕከሉ በነገራችሁ ሌላ ቦታ ይለካ። በፊንጢጣ ግን ፈጽሞ አይለካ፤ በዚያ ስስ ገላ ላይ የሚደርስ ትንሽ ጭረት ለባክቴሪያ መግቢያ ይሆናል። በፊንጢጣ የሚገቡ መድኃኒቶችም በዚሁ ምክንያት አይሰጡም።

ባለቤትዎ ስለ ድንገተኛ ክፍሉ የተሰማቸው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ መፍትሔው ግን መቅረት ሳይሆን አስቀድሞ ደውሎ መሄድ ነው። ከቤት ሳትወጡ ወደ ሕክምና ክፍሉ ደውላችሁ እየመጣችሁ መሆኑን አሳውቁ፤ ልጁ ማስክ አድርጎ ይግባ፤ እንደደረሳችሁም ከሌሎች በሽተኞች ተለይቶ የሚቆይበት ቦታ ጠይቁ። ለተረኛው የምትናገሩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አጭርና የተጠና ይሁን፦ «ልጃችን ሉኪሚያ አለበት፣ ኬሞቴራፒ ላይ ነው፣ ፖርት አለው፣ ትኩሳቱም ይህን ያህል ነው።» በሽታው እንዴት እንደጀመረ ከመጀመሪያው አንስቶ መተረክ ለኋላ ይቆይ። በር ላይ ያለው ባለሙያ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው በመጀመሪያዎቹ ቃላት ነውና። ልጁ ከደረሰ በኋላ በ60 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሊጀመርለት ይገባል፤ የላብራቶሪ ውጤት እስኪደርስ ተብሎ አይዘገይም። ተቀምጣችሁ ጊዜው እየነጎደ እንደሆነ ካያችሁ፣ ተነሥታችሁ በአክብሮት ግን ደግማችሁ ደጋግማችሁ አስታውሱ።

ትኩሳት ሳይኖርም የሚያስሄዱ ነገሮች አሉ። እንደ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች ትኩሳትን ሊሸፍኑ ስለሚችሉ፣ በእነርሱ ላይ ያለ ልጅ ቴርሞሜትሩ ምንም ባያሳይም እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ቆዳው ከተዥጎረጎረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም እንደ ወትሮው አልነቃ ካለ ወዲያው መታየት አለበት። ፖርቱ በፈሳሽ ከታጠበ በኋላ ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ፣ ኢንፌክሽኑ በራሱ በፖርቱ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል እንደ ድንገተኛ ይቆጠራል። አስፓራጂኔዝ የተባለው መድኃኒት ከተሰጠው በኋላ ከባድ የሆድ ሕመም ቢሰማው ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይኸው መድኃኒት ደምን የማርጋት ባሕርይም ስላለው ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን መድከም ወይም የንግግር መጎተት አይናቅም። እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኙት፣ በአፉ ውስጥ ምንም ነገር አታስገቡ፣ የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ለእርዳታ ደውሉ። ነስር ሲሆን ቀና ብሎ ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፤ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ሳትለቁ ለ10 ደቂቃ ያዙለት፤ ካልቆመ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌት የተባሉ የደም ሴሎች ሊያስፈልጉት ስለሚችሉ ይምጣ።


ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከአንዲት አያት

የእኔም የልጅ ልጅ በዚሁ ሕክምና ላይ ስላለች ጽሑፉን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ልጁ በትኩሳት እየተቃጠለ ማስታገሻ መከልከሉ ይከብደኛል። ፓራሲታሞል ሰጥቶ መንገድ መጀመር ምን ጉዳት አለው?


መልስ፦ ከነርሷ

እናቴ፣ ጥያቄዎ የብዙ አያቶች ጥያቄ ነው፤ መልሱም ክልከላ ሳይሆን የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ፓራሲታሞል የቴርሞሜትሩን ቁጥር ያወርዳል እንጂ ባክቴሪያውን አይነካውም። ሳይለካ ከተሰጠ ልጅቷ የተሻላት መስሎ ቤተሰቡ ይዘናጋል፤ ሆስፒታል ስትደርስም ትኩሳት ስለማይታይባት ሐኪሙ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይለካ፣ ቁጥሩና ሰዓቱ ይጻፍ፣ ይደወል፤ ባለሙያው ስጡ ካለ ይሰጣል፤ ከተሰጠም መንገዱ አይቀርም። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ግን ፕሌትሌቶች ደምን የሚያረጉበትን ሥራ ስለሚያውኩ ሐኪሙ ራሱ ካላዘዘ በቀር አይሰጡም። እስከዚያው ልብሷን ማቅለልና ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ይችላሉ፤ ይህም ትልቅ እርዳታ ነው።


መልስ፦ ሴት ልጁ ሕክምናዋን ከጨረሰች አባት

እህቴ፣ ነርሷ በጻፈችው ላይ የምጨምረው የቤት ውስጥ አደረጃጀትን ብቻ ነው። ሰው ሌሊት ተደናግጦ ሲነሣ የሚወስነው በፍርሃቱ ነው፤ አንዱ ፍርሃቱ ወደ ሆስፒታል ይገፋዋል፣ ሌላውን ፍርሃቱ ቤት ያስቀረዋል። ስለዚህ ውሳኔው ፀሐይ ሳለ፣ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ፣ የሕክምና ማዕከሉን ቁጥር ይዛችሁ ይወሰን። ባለቤትዎና አማትዎ ባሉበት ሐኪሙ ወይም ነርሷ በቃል እንዲያስረዷቸው ብታደርጉ ይበልጥ መልካም ነው፤ ከሚስት ወይም ከምራት የሚሰማ ክልከላ እንደ ክርክር ሊወሰድ ሲችል ከባለሙያ የሚሰማው ግን የጋራ መመሪያ ይሆናል።

እኛ በበሩ ጀርባ አንድ ወረቀት ለጥፈን ነበር። በላዩ የነበረው የትኩሳቱ ልክ፣ የሚደወልባቸው ስልኮች፣ የበሽታዋ ስም፣ ያለችበት የሕክምና ምዕራፍ፣ የመጨረሻው ኬሞቴራፒ የተሰጠበት ቀን፣ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የማይስማማት መድኃኒት፣ የደም ዓይነቷና ለፖርቷ የሚሆነው የመርፌ ልክ ነው። የመጨረሻዎቹን የደም ምርመራ ውጤቶች ከወረቀቱ ግልባጭ ጋር በአንድ ማኅደር አድርገን፣ ከቅያሪ ልብስና ከስልክ ቻርጀር ጋር በተዘጋጀች ቦርሳ ውስጥ እናኖር ነበር። ከቦርሳዋ ሌላ ዕቃ እንዳይወጣባት ቤተሰቡን ሁሉ አስማልቻለሁ ማለት እችላለሁ።

ሌላው ነገር የሥራ ክፍፍል ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከባለሙያዎች ጋር የምትነጋገሩ፣ አንዳችሁ ከልጁ የማትለዩ ሁኑ፤ ሁለታችሁም ለሐኪሙ ስታወሩ ልጁ ብቻውን ይቀራል፣ ቃላችሁም ይጋጫል። ለአማትዎም ቁርጥ ያለ ሥራ ስጧቸው፤ ከትልቋ ልጅ ጋር ማደር የእርሳቸው ይሁን። ለመጓጓዣ ሌሊት ቢጠሩ እንደሚመጡ አስቀድመው እሺ ያሉ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ አንዱ ስልኩ ባይሠራ ሌላው አለ። ቆዳ የሚያደነዝዘው ቅባት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ለመሥራት አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ ከቤት ስትወጡ በፖርቱ ላይ ቀቡለት፤ ሆኖም ቅባቱ እስኪሠራ ተብሎ አንቲባዮቲኩ እንዳይዘገይ።

እናንተም ተፈራርቃችሁ ተኙ። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ስለሆነ ሁለት ወላጅ በአንድ ሌሊት ሊደክም አይገባም።


መልስ፦ ከፋርማሲ ባለሙያ

የክኒኑን ጥያቄ እኔ ልመልስ። በመጨረሻው ረጅም ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዙት ሁለት መድኃኒቶች ናቸው፤ መርካፕቶፑሪን በየቀኑ፣ ሜቶትሬክሴት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን። ይህን ልዩነት አደራ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው። ሜቶትሬክሴት በስሕተት በየቀኑ ቢሰጥ መቅኔን፣ አፍንና አንጀትን ክፉኛ ይጎዳል፣ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። የሚሰጥበት የሳምንቱ ቀን በሳጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ ዕቃ ውስጥ አይቀመጡ።

ልጁ እንደዋጠ ቢያስታውከው ሌላ ክኒን ከመስጠታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሚወሰነው ከዋጠ በኋላ ባለፈው ጊዜና ክኒኑ በመውጣቱ ላይ ነው። አንድ ቀን ሳይወስድ ካለፈ በሚቀጥለው ቀን እጥፍ አይሰጥም፤ ዕለቱ ተመዝግቦ ለሐኪሙ ይነገራል። በዚህ ላይ ግን መለሳለስ አልፈልግም፤ ከታዘዘው መርካፕቶፑሪን ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያልወሰዱ ልጆች በሽታው የሚያገረሽባቸው ከሌሎቹ በበለጠ እንደሆነ በጥናት ታይቷል። ልጁ ደህና መስሎ በሚጫወትበት ጊዜ ክኒኑ ትርፍ ነገር ይመስላል፤ በመቅኔ ጥግ የቀሩትን በምርመራ የማይታዩ ሴሎች የሚያጠፋው ግን እርሱ ነው። ይህን መድኃኒት የሠሩት ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ ናቸው፤ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እነሆ እስከ ዛሬ የዚህ ሕክምና ምሰሶ ነው።

መጠኑ ከሌላ ልጅ ጋር አይወዳደር። ሰውነት መድኃኒቱን የሚያብላላበት ፍጥነት በዘር ውርስ ስለሚለያይ፣ ሐኪሙ የኒውትሮፊሉን ቁጥር እያየ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ብዙ ማዕከላት በዚህ ምዕራፍ ቁጥሩ ከ500 እስከ 1,500 ባለው መካከል እንዲሆን ይፈልጋሉ። አሎፑሪኖል የሚባል መድኃኒት በሌላ ምክንያት ከታዘዘለት የመርካፕቶፑሪንን ኃይል በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር የካንሰር ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀመር። ክኒኖቹን ባዶ እጅ አትንኩ፣ ቤት ውስጥም አትፍጩ፤ መዋጥ ካቃተው በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀ መኖሩን ጠይቁ።


መልስ፦ ወንድሟ በልጅነቱ ታክሞ ከዳነ እህት

ስለ ሴት ልጅዎ የጠየቁትን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልሁም። ወንድሜ ሲታመም እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እጅግ የሚያስፈራኝ ስለ በሽታው የሚነገረው ሳይሆን ስገባ የሚቋረጠው ንግግር ነበር፤ ልጅ ያልተነገረውን ነገር ባዶ አይተወውም፣ ከእውነቱ በከፋ ነገር ይሞላዋል። ተጣልቼው ስለነበር የታመመው በእኔ ምክንያት ይመስለኝ ነበር፤ ይህንም ለማንም አልተናገርሁም።

ስለዚህ ልጅዎ ባትጠይቅዎም እንኳ ቀን ላይ አስቀምጠው በግልጽ ይንገሯት፦ ወንድሟ የታመመው እርሷ ባደረገችው ወይም ባሰበችው ነገር እንዳልሆነ፣ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ሌሊት ድንገት ብትወጡ ማን ከእርሷ ጋር እንደሚያድርና ጠዋት በስንት ሰዓት እንደምትደውሉላት። ይድናል ብለው ቃል አይግቡ፤ ሐኪሞቹ የሚያደርጉትን ሁሉ እንደሚያደርጉና አዲስ ነገር ሲኖር ከእርስዎ አፍ እንደምትሰማ ግን ቃል መግባት ይችላሉ። ሌሊት ስትወጡ ተኝታ ከሆነ ቀስቅሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሯት፤ ተነሥታ ባዶ አልጋ ከምታይ ለጥቂት ጊዜ እንቅልፏ ቢቋረጥ ይሻላል። ለወንድሟ መላላክ ከፈለገች ደስ ይበላት፤ ግዴታ ግን አይሁንባት። አስተማሪዋም ጉዳዩን ይወቅ፤ በትምህርት ቤት የሚታየው ቁጣ ወይም ዝምታ ምክንያቱ ካልታወቀ ቅጣት ያስከትልባታል።


ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴና አማቴም አንብበውታል፤ ማዕከሉ የሚጠቀምበትን የትኩሳት ልክ ነገ ጠዋት ደውለን እንጠይቃለን። ሆኖም ዛሬ ሌላ ነገር መጣብን፤ በሴት ልጄ ክፍል አንድ ተማሪ ጉድፍ ወይም ቫሪሴላ በሚባለው በሽታ መያዙን ከትምህርት ቤት ተነግሮናል። እርሷ ምንም ምልክት የለባትም። ምን እናድርግ?


መልስ፦ ከነርሷ

እህቴ፣ የነገውን ጥሪ ወደ ዛሬ አምጡት። ጉድፍ በኬሞቴራፒ ላይ ባለ ልጅ ሳንባና ጉበት ላይ ሊደርስ የሚችል ከባድ በሽታ ነው፤ ሽፍታ እስኪወጣም አይጠበቅም፤ ምክንያቱም የተያዘ ሰው ሽፍታው ከመታየቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። ስትደውሉ አራት ነገሮችን ተናገሩ፦ ሴት ልጅዎ ቀደም ሲል ጉድፍ ይዟት ወይም ክትባቱን ወስዳ እንደሆነ፣ ከታመመው ተማሪ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘችበትን ቀን፣ ወንድ ልጅዎ ራሱ ከዚያ ተማሪ ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ፣ እንዲሁም ከሕመሙ በፊት የወሰዳቸውን ክትባቶች።

እርሷ በሽታው ይዟት ወይም በሚገባ ተከትባ ከሆነ ስጋቱ አነስተኛ ነው። ካልሆነ ግን ምልክቱ ከተገናኘች በኋላ ከ10ኛው እስከ 21ኛው ቀን ሊወጣ ስለሚችል፣ ከወንድሟ ጋር በአንድ ክፍል እንዳታድር የሚያስፈልግበትን ጊዜ ማዕከሉ ይወስንላችኋል። ይህ ቅጣት እንዳይመስላት ምክንያቱን ራስዎ ያስረዷት። ወንድ ልጅዎ በቀጥታ ተጋልጦ ከተገኘ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከሰው ደም የተዘጋጀ በሽታ ተከላካይ) ወይም ቫይረሱን የሚዋጋ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል፤ ኢሚዩኖግሎቡሊኑ በመጀመሪያዎቹ 96 ሰዓታት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፣ እስከ 10ኛው ቀን ድረስም ይሰጣል። ከኩፍኝ ጋር በተያያዘም ተመሳሳይ ጥሪ ያስፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ግን የኢሚዩኖግሎቡሊኑ ገደብ 6 ቀን ነው።

ስለ ክትባትም በዚሁ ጥሪ ጠይቁ። እርሱ ሕክምናው አልቆ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ሕያው ቫይረስ ያለባቸውን ክትባቶች አይወስድም። እርሷ የኩፍኝ ክትባት መውሰድ ትችላለች፤ የፖሊዮ ክትባት የሚያስፈልጋት ከሆነ ግን በአፍ የሚሰጠው ጠብታ ቀርቶ በመርፌ የሚሰጠው ይሁን፤ የጠብታው ቫይረስ በዓይነ ምድር ስለሚወጣ በቤት ውስጥ ወደ ወንድሟ ሊተላለፍ ይችላል። የማዕከሉ ተረኛ ስልክ ካላነሣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕፃናት ክፍሉ ደውሉና ተረኛውን ሐኪም አስጠሩ።